ከደሴ እስከ ዋጋዱጉ፣ ለፊልም ብዬ

የአፍሪካ ፊልም ትልቁ በዓል የሚከበረው በካይሮ ወይም በጆሃንስበርግ ሳይሆን በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ ነው። ፌስፓኮ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ተጀምሮ ዛሬ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ሲሆን፣ እኔ የሄድኩት ሃምሳኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2019፣ በእኛ የካቲት 2011 ነው። ፊልም ሠሪም ጋዜጠኛም አይደለሁም፤ ደሴ ውስጥ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቦ የህንድ ፊልም እያየ ያደገ፣ በኋላም እጁ የገባውን ሁሉ የሚያይ ተራ ተመልካች ነኝ። ስለዚህ የጉዞውን ምክንያት ለጎረቤት ማስረዳት ቀላል አልነበረም። በቡና ላይ አንዲት እናት «ልጄ፣ ፊልሙ እዚህ አይመጣም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እንደማይመጣ ስነግራቸው ልክ ለሕክምና እንደሚሄድ ሰው አዝነውልኝ «ክፉ አይንካህ፣ በሰላም ግባ» ብለው መረቁኝ።

እውነትም አይመጣም። ፌስፓኮ ራሱ የተወለደው ከዚሁ ችግር ነው። ያኔ የላይኛው ቮልታ ትባል በነበረችው ቡርኪና ፋሶ ለሲኒማ ቤቶች ፊልም የሚያቀርቡት የፈረንሳይ ኩባንያዎች ስለነበሩ፣ አፍሪካዊ የሠራው ፊልም አፍሪካዊ ተመልካች ዘንድ የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነበር፤ መንግሥትም ከኩባንያዎቹ ጋር ተጋጭቶ በ1970 ሲኒማ ቤቶቹን ወረሰ። ለወሎ ሰው ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። ስለ ወሎ ዓለም በብዛት ካየው ምስል አንዱ በ1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው የረሃብ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ደርግ ንጉሡን ሊያወርድ በዋዜማው ምሽት ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን ያሳየውም ይህንኑ ነበር። በ1984 ደግሞ በወቅቱ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የቢቢሲ ዘገባ ተከተለ። ብዙ ነፍስ እንዲተርፍ ምክንያት ሆነዋልና አልነቅፋቸውም። ሆኖም የት ሀገር ሰው እንደሆንኩ ስናገር በውጭ ሰው ፊት ላይ የሚመጣውን የሐዘኔታ መልክ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ አፍሪካውያን ራሳቸውን እንዴት እንደሚያሳዩ ቦታው ድረስ ሄጄ ለማየት የፈለግሁትም ስለዚህ ነው።

ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በአውሮፕላን። ስለ መንገዱ የምናገረው ይኸው ነው።

ዋጋዱጉ አውሮፕላን ማረፊያ መጀመሪያ የተጠየቅሁት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ከበሩ ስወጣ ሙቀቱ ተቀበለኝ። ከሰሃራ የሚነሣው ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ሰማዩን አደብዝዞታል፤ በደሴው የጦሳ ተራራ ብርድ ለተገራ ሰው የካቲት እንዲህ መሆኑ አግባብ አይመስልም። አረንጓዴ ከተቀቡት ታክሲዎች የአንዱ ሾፌር አሥር ሺህ የሴፋ ፍራንክ ጠየቀኝ፤ አንድ ዩሮ 656 ፍራንክ ያህል ስለሆነ ሒሳቡን በጣቴ እየሠራሁ ተከራክሬ በስድስት ሺህ ተስማማን። አውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሐል ነው፤ ሆቴሌም ከአጥሩ ብዙ አይርቅም ነበርና የከፈልኩት ገንዘብ ሳምንቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ሰነበተ። ይሁን እንጂ ሾፌሩ ከየት እንደመጣሁ ጠይቆኝ «ኢትዮጵያ» ስለው፣ ፈረንሳይኛ እንደማልችል እያወቀ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ «ኃይሌ ገሪማ!» ብሎ ጮኸ። ኃይሌ በ2009 በ«ጤዛ» የበዓሉን ዋና ሽልማት፣ የወርቁን የየኔንጋ ፈረስ፣ መውሰዱን አንድ የታክሲ ሾፌር ከአሥር ዓመት በኋላ ያስታውሳል። ረሃብ አላነሣም። ከስድስት ሺው ግን አንድ ፍራንክ አልቀነሰልኝም።

የመጀመሪያው ሌሊት ክፉ ነበር። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆመ፤ የአልጋው አጎበር ትንኝን ከማስቀረት ይልቅ ከእኔ ጋር የሚያሳድር ቀዳዳ ነበረው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው መጠጥ ቤት ግን የራሱ ጄኔሬተር ስለነበረው እስኪነጋ ዘፈን አላቋረጠም። ጠዋት ቡና ፍለጋ ወጣሁ። የመንገድ ዳር ነጋዴው ኔስካፌ በሙቅ ውሃ በጥብጦ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት አፈሰሰበት። ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ መጠጣት ለለመደ ወሎዬ ይህ ቡና አይደለም፤ ጎረቤት ሀገር ኮትዲቯር ቡና አምራች መሆኗን ሳስብ ደግሞ ይቅርታ ማድረግ ይበልጥ ከበደኝ። በአንጻሩ በማሽላ ዱቄት የሚሠራው፣ በባሚያ ወጥ የሚበላው ቶ የሚባለው ገንፎ ተስማማኝ፤ ከርከዴውም ቀዝቅዞ ሲቀርብ ሙቀቱን ያስረሳል።

ከተማዋ ለፊልም ያላት ፍቅር ለእንግዳ የተዘጋጀ ጌጥ አይደለም። በመሐል አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት እርስ በርሳቸው የተደራረቡ የፊልም ጥቅሎችንና ሌንሶችን የሚመስል፣ ለሲኒማ ሠሪዎች የተሠራ መታሰቢያ ነው። ሞተር ብስክሌቶች በመንጋ ይዞሩታል። የመግቢያ ትኬቱ ከአንድ ምሳ ዋጋ ያነሰ በመሆኑ ሲኒ ቡርኪና በሚባለው አዳራሽ በር ላይ የሚሰለፈው ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ልጅ ያዘለች እናት ናት። በዚያ ዓመት የጸጥታ ስጋት ስለነበረ ቦርሳ ይፈተሻል፤ ሰው ይዳሰሳል፤ ሰልፉም አይንቀሳቀስም። እኔ ሰዓት አክባሪ ነኝ፤ ፊልም ሊጀመር ነው ከተባለበት አንድ ሰዓት ቀድሜ እቆማለሁ። ባጅ ያንጠለጠሉት በሌላ በር ሲገቡ፣ አንዳንዴም አዳራሹ ሞልቷል ተብለን ስንመለስ ንዴቴን መደበቅ አልቻልኩም። ፕሮግራሙም ሳይነገር ይለዋወጣል፤ አንድ ቀን ዘጋቢ ፊልም አያለሁ ብዬ ገብቼ የካርቱን ፊልም አየሁ።

አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። በእኔ ሕግ ፊልም የሚታየው በዝምታ ነው። እዚያ ግን በሸራው ላይ ባል ሚስቱን ሲዋሻት ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ይቃወሙታል፤ ሌባው ሊያዝ ሲል ከኋላ አንዱ ያስጠነቅቀዋል፤ ጥሩ ንግግር ከተሰማ ይጨበጨባል። ከሁሉ የከፋው ስልክ ነው፤ እሱን እስከ መጨረሻው አልለመድኩትም። ጫጫታውን ግን ከሁለተኛው ቀን በኋላ እጠብቀው ጀመር፤ ምክንያቱም ሰው ዝም ያለበት ፊልም ደካማ እንደሆነ ያለ ምንም ሂስ ጽሑፍ ይታወቃል።

ችግሬ ቋንቋ ነበር። ብዙው ፊልም በፈረንሳይኛ ወይም በአካባቢ ቋንቋ ሆኖ የግርጌ ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነው። አንድ ምሽት አጠገቤ የተቀመጠች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግራ መጋባቴን አይታ፣ ሳልጠይቃት በእንግሊዝኛ በሹክሹክታ ትተረጉምልኝ ጀመር። ጥቂት እንደቆየች ከኋላ ያሉት ሰዎች «እንዲህ አይደለም ያለው» እያሉ ያርሟት ገቡ፤ ከፊት ያሉት አንድ አዛውንትም ዞረው የራሳቸውን ማብራሪያ ጨመሩ። ፊልሙ ሲያልቅ አንድ ታሪክ ሦስት ዓይነት ሆኖ ደርሶኝ ነበር። ልጅቷ ገንዘብ አልቀበልም አለች፤ ከርከዴ ብቻ ጋበዝኳት። የሽልማቱ ስም የመጣው በፈረስ ትዘምት ከነበረችው፣ የሀገሩ የሞሲ ሕዝብ እናት ከምትባለው ከልዕልት የኔንጋ መሆኑን ያወራችኝ እሷ ናት። በሃምሳ ዓመት ውስጥ አንዲት ሴት ዳይሬክተር እንኳ የወርቁን ፈረስ አለማግኘቷን የነገረችኝ ግን ስለ ልዕልቲቱ ስታወራ እንደነበረው ፈገግ ብላ አልነበረም። በዚያው ሰሞን በየቡና ቤቱ ይህ ጉዳይ ሲነሣ ሰምቻለሁ።

የማጠናቀቂያው ሥነ ሥርዓት የዋለው ማርች 2፣ ማለትም በእኛ የካቲት 23፣ በዓድዋ ቀን ነው። ውጫሌ ለደሴ ሰው ጎረቤት ናትና፣ የዓድዋን ጦርነት ያመጣው ውል በተፈረመበት ምድር ያደገ ሰው ይህን ቀን በባዕድ ሀገር ብቻውን ሲያሳልፍ ቅር ይለዋል። ወደ አዳራሹ በጥሪ ካርድ ስለሚገባ፣ የሀገሩና የሩዋንዳ ፕሬዚዳንቶችም ስለተገኙ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። እኔም ያንን እንቅልፍ የነሣኝን መጠጥ ቤት ወንበር ስቤ ከሰፈሩ ሰው ጋር በቴሌቪዥን ተመለከትኩ። የወርቁን ፈረስና ሃያ ሚሊዮን ፍራንኩን ያገኘው ሩዋንዳዊው ጆኤል ካሬኬዚ ነው፤ ፊልሙ ከጦራቸው ተነጥለው በኮንጎ ጫካ የሚንከራተቱ ሁለት ወታደሮችን ይከተላል። መጠጥ ቤቱ ግማሹ አጨበጨበ፤ ግማሹ አጉረመረመ።

በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ ስወርድ፣ ጋና ሠርቶ የተመለሰውና እንግሊዝኛ የሚናገረው የሆቴሉ ዘበኛ ክርክሩን በሩ ላይ ጠበቀኝ። በዚያ ዓመት የክብር እንግዳዋ ሀገር ሩዋንዳ ስለነበረች «እንግዳን ምሳ ያበሉታል እንጂ ፈረስ አይሰጡትም» አለኝ። እኔ ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ ይገባዋል አልኩት። እሱም አይቶት ኖሮ፣ ጫካው ያማረው በካሜራው ነው እንጂ ታሪኩ መሐል ላይ ይጎተታል ብሎ የሚጎተትበትን ቦታ ትዕይንት በትዕይንት ይዘረዝርልኝ ጀመር። ታክሲው መጥቶ ጥሩምባ ሲያሰማ ገና ግማሹን እንኳ አልጨረሰም ነበር፤ ሻንጣዬን ጭኖ በሩን ከዘጋልኝ በኋላም በመስኮቱ በኩል ቀጠለ።