ሞተር ሲቀየር እንጀክተርና ሽቦ ማጣጣም

ሞተር ስትቀይሩ ሶኬቱ ገባ ማለት እንጀክተሩ (ነዳጅ የሚረጨው ክፍል) ለመኪናው ኮምፒውተር (ሞተሩን ለሚቆጣጠረው) ይስማማል ማለት አይደለም። ቁልፍ ከማዞራችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉና የእያንዳንዱን እንጀክተር ሁለት እግሮች በመልቲሜትር ለኩ። ከ12 እስከ 16 ኦም ካሳየ ባለ ከፍተኛ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅም) ነው፤ ከ2 እስከ 3 ካሳየ ዝቅተኛው ነው። በ14 ቮልት ባለ 14 ኦሙ 1 አምፔር ሲስብ፣ ባለ 2.5 ኦሙ ከ5 በላይ ይስባል። ለመጀመሪያው የተሠራ ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛውን በቀጥታ ካሰራችሁ ውስጡ ያለው፣ እንጀክተሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ትራንዚስተር ሊቃጠል ይችላል። በየእንጀክተሩ መስመር ላይ ሬዚስተር መጨመር ያድነዋል፤ የሚሻለው ግን ትክክለኛውን እንጀክተር መግጠም ነው።

ፍሰቱንም አትርሱ። በደቂቃ 240 ሲሲ የሚረጭ እንጀክተር የለመደ ኮምፒውተር 360 የሚረጭ ሲሰጡት ነዳጁ በግማሽ ይበዛል፦ ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ።

ሽቦው ላይ አንዱ እግር ቁልፍ ሲከፈት ቋሚ 12 ቮልት ያገኛል፤ ሌላውን ኮምፒውተሩ ከማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ) ጋር እያገናኘ ይለቃል። በተለመደው እንጀክተር ሁለቱ ቢገላበጡ ችግር የለውም። የሲሊንደር ቁጥር ከተምታታ ግን ነዳጁ ያለጊዜው ይረጫል፤ ሞተሩ ይነሳል፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ግን ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ሽቦ ከመቁረጣችሁ በፊት በየሶኬቱ ላይ ቁጥር ለጥፉ።