ሳንባ ሲኮማተር፦ ከደረት ቱቦና ከጠርሙስ የተማርኩት

ጎጃም ውስጥ ሰው «ውጋት ያዘኝ» ብሎ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ብርድ ነው ተብሎ በማስታገሻ ይሸኛል። እኔ ውጋቱ ድንገት በአንድ ጎን ከጀመረና ትንፋሽ ካሳጠረ ልብስ ሳላስወልቅ አልሸኝም። ሁለቱን ጎን እያፈራረቅኩ አዳምጣለሁ፣ ከዚያ በጣቴ አንኳኳለሁ። በአንዱ በኩል የትንፋሽ ድምፅ ጠፍቶ ሲንኳኳ እንደ ባዶ እንስራ ከጮኸ በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መሃል አየር ገብቷል ብዬ እነሳለሁ።

ሳንባ እንደ ላስቲክ ነው፤ ሁልጊዜ መሰብሰብ ይፈልጋል። ወጥሮ የሚይዘው ሳንባውንና የደረቱን ግድግዳ በሚሸፍኑት ሁለት ስስ ሽፋኖች መካከል ያለው ግፊት ከውጭው አየር ማነሱ ነው። አንዱ ሽፋን ሲቀደድ አየር ይገባና ሳንባው ይኮማተራል። ቀዳዳው ከውጭ ሲመጣ ቢላዋ፣ ጥይት ወይም የበሬ ቀንድ ነው፤ የተሰበረ ጎድንም ከውስጥ ይወጋል። ከሳንባው ሲመጣ ደግሞ ረጅምና ቀጭን ወጣት፣ በተለይ የሚያጨስ፣ ምንም ሳይነካው ሳንባው ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ የአየር ከረጢት ትፈነዳበታለች። ቲቢም ሳንባን እንዲሁ ይቀድዳል። ስለዚህ ያልተመታ ሰው ደረት ውስጥ አየሩን የሚያወጣ ቱቦ ካስገባሁ በኋላ አክታውን ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ምርመራ) እልካለሁ፤ ቱቦው አየሩን እንጂ በሽታውን አያወጣም።

የደም ግፊቱ ወርዶ፣ የአንገቱ የደም ሥር ተነፍቶ፣ ትንፋሽ አልወጣ ካለው ራጅ አልጠብቅም። አየሩ እየገባ አይወጣም፣ ልብንም ይጫናል። 14 ቁጥር ካኑላ (ፕላስቲክ ሽፋን ያላት መርፌ)፣ ብርቱካናማዋን፣ አምስተኛው የጎድን ክፍተት ላይ ከብብቱ መሃል ትንሽ ወደፊት አስገባለሁ። ሁልጊዜ ከታችኛው ጎድን የላይ ጠርዝ ጋር አስጠግቼ ነው፤ የደም ሥሩና ነርቩ ከእያንዳንዱ ጎድን በታች ስለሚያልፉ። ተራዋ ካኑላ አጭር ናት፣ ደረቱ ወፍራም ከሆነ ላትደርስ ትችላለች። ደረሰችም አልደረሰች ቱቦው ወዲያው መከተል አለበት።

ለቱቦው ያው ቦታ ነው። ተራ ሊዶኬይን (ማደንዘዣ) በኪሎ እስከ 3 ሚሊግራም፦ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1 ፐርሰንቱ እስከ 18 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ጎድኑና ሽፋኑ ላይ ካላዳረስኩት በሽተኛው ይጮሃል። ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ቀድጄ፣ በክላምፕ (መቆንጠጫ) ከፍቼ፣ ጣቴን አስገብቼ ዞር አደርጋለሁ። ይህን አልዘልም፤ የድሮ ቲቢ ሳንባውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆት ከሆነ ቱቦው ሳንባውን ይወጋል። ከጉዳት በኋላ ደም ሊኖር ስለሚችል 28 ፍሬንች (የቱቦ ውፍረት መለኪያ) እመርጣለሁ፤ ቀጭኑ በረጋ ደም ይዘጋል።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ጠርሙሱ ላይ ነው። የቱቦው የውጭ ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ውሃ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ይግባ፤ 10 ከገባ በሽተኛው በየትንፋሹ ያን ሁሉ ውሃ መግፋት አለበት። የጠርሙሱ ሁለተኛ ቀዳዳ ክፍት ይሁን፣ ጠርሙሱም ከደረት በታች። አስታማሚው አልጋው ላይ ሲያነሳው ውሃው ወደ ደረት ይመለሳል፣ ይህን ለቤተሰቡ ሁለት ጊዜ እናገራለሁ። ውሃው ከትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ ቱቦው ይሠራል። ከቆመ ወይ ተጣጥፏል፣ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ሳንባው ተከፍቷል፤ መለያው ራጅ ነው። አረፋ ካለ ቀዳዳው ገና አልተደፈነም።

አረፋ የሚያወጣ ቱቦ ክላምፕ አይደረግም። ለመንገድ ብለው ዘግተው የሚልኩ አሉ፣ ይህ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። ድልድዩ ጋ ሳለ ደረት ውስጥ የታሰረ አየር፣ ወደ ላይ ሲወጣ የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ፣ አቀበቱን ሲጨርስ አንድ አምስተኛ ያህል ይሰፋል፤ ከሳንባው የሚሾልከው ደግሞ በዚህ ላይ ይደመራል። ቱቦው ክፍት ሆኖ፣ ጠርሙሱ ወለል ላይ ታስሮ ይሂድ። አንድ ትርፍ የሳላይን ጠርሙስ ከሚሸኘው ነርስ አጠገብ አስቀምጣለሁ፦ የያዘው ቢሰበር የቱቦው ጫፍ ቶሎ እሱ ውስጥ እንዲገባ።