የአራት ነጥብ ጣጣ፦ መጽሐፌን ለሦስት የዲጂታል መደብሮች ሳዘጋጅ

ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቱሉ ዲምቱ መብራት ተመልሶ ኮምፒውተሬን እንደከፈትኩ፣ ስጠብቀው የነበረው መልእክት ገብቶ አገኘሁት፤ መጽሐፌ በሦስተኛው መደብርም ለሽያጭ ቀርቧል። ሸማኔው አባቴ ስለ ሙያው የነገረኝን ያሰባሰብኩበት፣ በራሴ ገንዘብ ያሳተምኩት መጽሐፍ ነው። የታተመው ቅጂ ካለቀ ቆይቷል፤ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ግን «ከየት እናግኘው?» ማለታቸውን አልተዉም። አምስት ወር ፈጀብኝ። ይህን መንገድ ለምትጀምሩ የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ።

ሽፋኑ አላስቸገረኝም፤ ቁመቱ 2560፣ ወርዱ 1600 ፒክስል የሆነ አንድ ምስል ለሦስቱም በቃ። ማውጫውንም የምዕራፍ ርዕሶቹን በማይክሮሶፍት ወርድ የርዕስ ስታይል ካስተካከልኩ በኋላ ፕሮግራሙ ራሱ ሠራው። የገጽ ቁጥርን እርሱት፤ አንባቢው ፊደሉን ባሳደገና ባሳነሰ ቁጥር ገጹ ይለዋወጣል።

ከፒዲኤፍ ወደ ኢፐብ (መደብሮቹ ወደሚቀበሉት የዲጂታል መጽሐፍ ፋይል) ለመቀየር ግን አትሞክሩ። እኔ ሦስት ሳምንት አባክኜበታለሁ። ፒዲኤፍ እያንዳንዱ ፊደል በገጹ ላይ የት እንደተቀመጠ እንጂ አንቀጹ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ አይነግራችሁም። የኔ መጽሐፍ ሲቀየር እያንዳንዱ መስመር ራሱን የቻለ አንቀጽ ሆነ፤ በአንድ ቦታ ላይ «አባቴ ኩታውን ጠቅልሎ 47 ከመደብ ተነሣ» የሚል ዓረፍተ ነገር አነበብኩ። 47 የገጹ ቁጥር ነው።

ማተሚያ ቤቱን የመጀመሪያውን ፋይል ስጠይቅ የሰጡኝ በድሮ ፎንት የተተየበ ነበር። ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ ዩኒኮድ፣ የእኛን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ጽሑፉ የላቲን ፊደልና የምልክት ቁልል ይሆናል። በመጨረሻ ከእህቴ ልጅ ጋር ምዕራፎቹን ተካፍለን ከታተመው ቅጂ ላይ እንደገና ተየብነው።

ዋናው ችግር የተወለደው እዚህ ላይ ነው። እኔ አራት ነጥብን የምጽፈው ሁለት ጊዜ «፡»ን በመምታት ነው። የእህቴ ልጅ ግን ትክክለኛውን «።» ትጠቀማለች። በኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ለማሽኑ ግን የተለያዩ ናቸው። በዚያ ላይ እኔ ከነጥቡ በፊት ክፍት ቦታ የመተው ልማድ አለኝ፤ «ነበር ፡፡» ብዬ ነው የምጽፈው። ወረቀት ላይ ማንም አላየብኝም። ስልክ ላይ ግን መስመሩ ሲሞላ ነጥቡ ከቃሉ ተለይቶ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። የአክስቴ ልጅ ከውጭ የስልኳን ገጽ ፎቶ አንሥታ ስትልክልኝ፣ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት መስመሮች በ«፡፡» ይጀምሩ ነበር። አፈርኩ፤ ሳላጣራ ለመደብሩ ልኬዋለሁና።

ያዳነኝ ሲጂል የተባለው ነፃ የኢፐብ ማረሚያ ነው። ፈልጎ የመተካት ችሎታው ብቻ ለኔ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ መጀመሪያ ሁለቱን «፡»፣ በመካከላቸው ክፍት ቦታ ኖረም አልኖረም፣ በአንድ «።» ተኩ። ቀጥሎ ከ«።» በፊት ያለውን ክፍት ቦታ አጥፉ። ከዚያ «፡-»ን በ«፦» ተኩ። ነጠላውን «፡» ግን በጅምላ አትንኩ። እኔ በቃላት መካከል የቀሩትን ላጽዳ ብዬ ሁሉንም በክፍት ቦታ ተካኋቸው፤ አባቴ ሥራ የሚጀምርበት «12፡30» «12 30» ሆኖ ቀረ። ቅጂ አላስቀመጥኩም ነበር። ሰዓት የተጻፈበትን ቦታ ሁሉ ከታተመው መጽሐፍ ጋር እያመሳከርኩ ሁለት ሌሊት አደርኩ። ከእያንዳንዱ መተካት በፊት ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጡ።

የሚቀጥለው ፎንት ነው። አንዳንድ ማንበቢያዎች የአማርኛ ፊደል ስለሌላቸው በቦታው ባዶ ሳጥን ያሳያሉ፤ ስለዚህ ፎንቱን ኢፐቡ ውስጥ አብሮ መክተት ያስፈልጋል። የማይክሮሶፍትን ኒያላ ትቼ፣ ፈቃዱ ክፍት የሆነውን ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን መረጥኩ፤ አቢሲኒካም እንዲሁ ክፍት ነው። ጽሑፉን በሁለቱም ዳር እኩል አታድርጉት። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ በጠባብ ስልክ ላይ በቃላቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። ግራውን ብቻ አስተካክሉ።

ለአማዞን የመጽሐፍ ማንበቢያ ለኪንድል፣ ሞቢ የተባለውን የድሮ ፋይል ዓይነት ለመሥራት አትድከሙ። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ለእንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ሞቢ አይቀበልም፤ ኢፐቡን ራሱን ነው የሚወስደው። እንደኔ እምነት ለየመደብሩ የተለያየ ፋይል መያዝ የስህተት ምንጭ ነው፤ አንድ ዋና ኢፐብ ይኑራችሁ፤ እርማቱም እዚያው ላይ ብቻ ይግባ። የዲጂታል መጽሐፍ መቀየሪያ ፕሮግራሙን ካሊበርን እወደዋለሁ፤ ዋናውን ፋይል ግን አላሳልፍበትም፤ ሲቀይር የሰጠኋቸውን የስታይል ስሞች በራሱ ስሞች ይተካቸዋል። መደብሩ ፋይሉን ሳይመልስባችሁ በፊት ደግሞ ኢፐብቼክ በተባለው መመርመሪያ ፈትሹት። የኔው በመጀመሪያው ቀን አሥራ ዘጠኝ ስህተት አወጣብኝ፤ አብዛኛው የተሰበረ የማውጫ አገናኝ ነበር።

አሁን የያዝኩት ሥራ «ሐር» የሚለው ቃል ነው። እኔ በ«ሐ»፣ የእህቴ ልጅ በ«ሀ» ጽፈነዋል፤ አንባቢ አንዱን ቢፈልግ ሌላው አይወጣለትም። ስለ ሽመና በሚያወራ መጽሐፍ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በጅምላ መተካት ስለማልደፍር እያንዳንዱን ቦታ እያነበብኩ ነው የማርመው፤ ዛሬ ምዕራፍ አራት ላይ ደርሻለሁ። እንደጨረስኩ የታረመውን ፋይል ለሦስቱም እልካለሁ።