እርድ፣ ተልባ እና ያባከንኩት ሁለት ወር

ከፋሲካ ማግስት ነበር። ገላዬን ስታጠብ ግራ ጡቴ ውስጥ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር እጄ ላይ ገባች። ስጫናት አታምም። ወዲያና ወዲህ ትንሸራተታለች። 36 ዓመቴ ነበር፤ የእማዬ ታላቅ እህት በጡት ካንሰር ካረፈች ደግሞ ገና ሦስት ዓመቷ።

ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ሐኪም ቤት ይሄዳል። እኔ ከማራኪ ሰፈር ባጃጅ ተሳፍሬ ቅዳሜ ገበያ ሄድኩና ግማሽ ኪሎ የተፈጨ እርድ ገዛሁ።

ሳቁ፣ ግድ የለም። ማታ ማታ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ካንሰር ስለሚከላከሉ ምግቦች ሳነብ ነበር የማነጋው። ያነበብኩት ሁሉ ውሸት ቢሆን እኮ ቶሎ እነቃ ነበር። ችግሩ ግማሹ እውነት ነው።

እርዱን ልንገራችሁ። ቢጫ ያደረገው ኩርኩሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የካንሰር ሕዋስ ላይ ሲጨመር እድገቱን ይገታል፣ ይህ እውነት ነው። የሰው ሆድ ግን ሌላ ነው። ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ሲሆን ያለፈውንም ሰውነት ቶሎ ያስወግደዋል። ቁንዶ በርበሬ ሲጨመርበት ወደ ደም የሚገባው በብዙ እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ እኔም ይህቺን አንብቤ በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ አንድ የሾርባ ማንኪያ እርድ ከቁንዶ በርበሬ ጋር በሙቅ ውሃ መጋት ጀመርኩ። ጨጓራዬ ተቃጠለ። ጣቶቼ ቢጫ ሆኑ። ባለቤቴ «አልጫ መሰልሽ እኮ!» እያለ ይስቅብኛል። ለምን እንደምጠጣው ግን አልነገርኩትም።

በነገራችን ላይ፣ ቀለሙ እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቢጫ ቀለም የተቀላቀለበት እርድ ባንግላዴሽ ውስጥ ተገኝቶ ያውቃል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ያን ዱቄት ጣልኩት። አሁን ያልተፈጨውን ገዝቼ ራሴ ነው የምወቅጠው፣ ያውም ለወጥ።

ቀጥሎ ጎመን። ጳውል ታላላይ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1992 ብሮኮሊ ውስጥ ሰልፎራፌን የሚባል ንጥረ ነገር አግኝቷል፤ የሰውነትን መርዝ የማስወገጃ ኢንዛይሞች ያነቃቃል። የኛ የሐበሻ ጎመንም ከዚያው ዘር ነው፣ በብዛት ያለው ግን ሲኒግሪን የሚባለው ነው። ሰናፍጭ ስንበላ አፍንጫችን ላይ የሚወጣው ከእሱ የሚመጣ ነው። የገረመኝ አሠራሩ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ይህ ንጥረ ነገርና ኢንዛይሙ ተለያይተው ነው የሚቀመጡት። ስንከትፈው ወይም ስናኝከው ይገናኛሉ፣ ያ የሚሰነፍጠው ነገር የዚያን ጊዜ ይሠራል። ኢንዛይሙን ደግሞ እሳት ይገድለዋል። ስለዚህ ጎመኑን ከትፎ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጦ መጣድ፣ ውሃውንም አለማብዛት ነው።

እኔ ግን ምን አደረግኩ? ጥሬውን ፈጭቼ በየቀኑ በብርጭቆ ጠጣሁት! ጥሬ ጎመን ሲበዛ ሰውነት አዮዲን እንዳይጠቀም እንደሚያደርግ፣ እንቅርትም እንደሚያመጣ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ተልባውን ደግሞ ቆሎ አደረግኩት። እንዳለ ቆልቼ እቆረጥም ነበር፣ እንደገባ ይወጣል። ፍሬው ካልተፈጨ ሰውነት ብዙም አያገኝበትም። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚሉት ለሌላ ነገር ነው፣ ለኔ ግን ቃል በቃል ሠራ። ተልባ ሊግናን የሚባለውን ንጥረ ነገር በመያዝ የሚስተካከለው የለም፤ ሊግናኑን የአንጀት ባክቴሪያዎች ወደ ሌላ ነገር ይለውጡታል፣ ያ ደግሞ ቅርጹ ከኤስትሮጅን ሆርሞን ጋር ይመሳሰላል ግን ጉልበቱ ደካማ ነው። ካናዳ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቷል። የጡት ካንሰር የተገኘባቸው ሴቶች ቀዶ ሕክምና እስኪደርሳቸው በየቀኑ 25 ግራም የተፈጨ ተልባ ያለበት ኬክ በሉ፣ የዕጢው ሕዋሳት የመባዛት ፍጥነትም ቀነሰ። ደስ ይላል አይደል? ግን በጥናቱ የነበሩት ሴቶች ተልባ ያልበሉትም ተቆጥረው 32 ብቻ ነበሩ፣ ጊዜውም አንድ ወር ገደማ፣ ሁሉም ደግሞ ታመው ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ነበሩ። ጤነኛ ሴት ተልባ ስለበላች ካንሰር አይዛትም የሚል ነገር የለውም። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ሳነብ ዘልዬዋለሁ።

አሜሪካ ያለች የአጎቴ ልጅ ደግሞ የቤታ ካሮቲን ክኒን ላከችልኝ። ካሮትና ዱባ ውስጥ ያለው ነው። ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ ወንድ አጫሾች ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ክኒኑን ከወሰዱት ውስጥ በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጠው ተገኙ። እኔ አላጨስም፣ ቢሆንም ብልቃጡን አልከፈትኩትም። ካሮቱን እበላለሁ፣ ትንሽ ዘይት ነካ አድርጌ፣ ያለ ቅባት ብዙም አይዋጥም።

የሰኔ ጾም ገባ። አንድ ቀን እየዘነበ ቡና ላይ ነበርን። ነርስ የሆነች ጓደኛዬ ጣቶቼን አየችና «አንቺ፣ ምንድነው የምትጠጪው?» አለችኝ። ያኔ ፈነዳሁ። አለቀስኩ። ስኒዋን እንኳን ሳትጨርስ እጄን ይዛ ተነሳች።

አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን ስጠብቅ ያሳለፍኩትን ሳምንት አልነግራችሁም። ፋይብሮአዴኖማ ነው አሉኝ፤ ካንሰር ያልሆነ እብጠት። ለሐኪሙ ስለ እርዱ ስነግረው አልሳቀም።

«እርዱ አይደለም ያዳነሽ፣ መጀመሪያም ካንሰር አልነበረም» አለኝ። «ቢሆን ኖሮ ግን ሁለት ወር ሰጥተሽው ነበር።»

አክስቴ ትዝ አለችኝ። ጾም አታጎድልም ነበር። ተልባውን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን ከኔ በላይ በልታለች። እብጠቱ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ነጠላዋ ሥር ተደብቆ ነው የቆየው፣ ሰው እንዳይሰማ። እኔም ያንኑ ነው ያደረግኩት፣ በሳይንስ ቋንቋ።

ከሐኪሙ ጋር ስለ ምግብ ሳወራ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ጠላ ነው። እኔ ስለምጨምረው ቅጠል አስባለሁ፣ እሱ ስለምተወው። አልኮል ጥቂቱም ቢሆን የጡት ካንሰርን ዕድል ይጨምራል፣ ጠላውም ጠጁም ቢራውም። ማጥባት ደግሞ ይቀንሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ከ30 አገሮች የተሰበሰበ ትንተና እንዳሳየው እናት ባጠባች በየ12 ወሩ ዕድሉ በ4.3 በመቶ ይቀንሳል። ሁለት ልጆቼን ሁለት ሁለት ዓመት አጥብቻለሁ። ለካ ሳላውቀው ከእርዱ የበለጠ ሠርቻለሁ።

ታሞክሲፈን የሚባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት ለምትወስዱ ደግሞ አንድ ነገር፦ የትኛውንም ዱቄት ወይም ክኒን ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ። ከመድኃኒቱ ጋር የሚጋጭ አለ።

አሁን ተልባዬን በሳምንት አንዴ ትንሽ ነው የምፈጨው፣ ተፈጭቶ ሲቆይ ይበላሻል። ጠላ በዓል ላይ እንኳን ቀመስ ነው። የቀረኝ ሥራ እማዬ ነበረች። 61 ዓመቷ ነው፣ እህቷን በዚሁ በሽታ አጥታ እንኳን ተመርምራ አታውቅም። ጎመኑን ቀቅላ ጨምቃ ውሃውን ትደፋዋለች፣ እኔ የሠራሁትን ደግሞ «ጥሬ ነው» ብላ መልሳ ትጥደዋለች። አንድ ወር ሙሉ ጨቀጨቅኳት።

«እሺ፣ እመረመራለሁ» አለች በመጨረሻ። «ጎመኔን ግን አትንኪብኝ።»

ሰኞ ወሰድኳት። ደህና ናት። ጎመኑንም እንደፈለገች ትቀቅለው።