ጭልፋ፣ ሁለት ጠርሙስና የቦርከና ዳር ኩሬ

ከነሐሴ ጀምሮ የትንኝ እጭ እየቆጠርኩ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ጭልፋና ነጭ ሳህን ይዤ ከኩሬ ኩሬ ስዞር ያየኝ ሁሉ «ምን ጠፍቶብሽ ነው?» ይለኛል። መነሻዬ ታናሽ ወንድሜ ነው። አምና ጥቅምት ላይ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ያዘው፣ ታከመ፣ ዳነ ስንል ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ጣለው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከርሞ እንደሚነሳ ያኔ ነው ያወቅኩት። ከዚያ አንዱ ንባብ ሌላውን እየጎተተ እዚህ ደረስኩ።

የመጀመሪያው ወር ባከነ። የፍሳሽ ቦይ ውስጥ እጭ አገኘሁና «የወባ ትንኝ!» ብዬ ፎቶውን ለጓደኞቼ በተንኩት። አልነበረም፤ ወባ የማታስተላልፈው ትንኝ፣ የኩሌክስ እጭ ነው። ልዩነቱን ካወቁት ቀላል ነው። ኩሌክስ ጭራው ላይ መተንፈሻ ቱቦ አለው፣ በእሱ ተንጠልጥሎ ጭንቅላቱን ወደ ታች ይዘቀዝቃል። የወባዋ አኖፌለስ ቱቦ የላትም፤ የውሃው ፊት ላይ እንደ ስንጥር ጋደም ትላለች።

ቆሻሻውን ትቼ ቦርከና ወንዝ ዳር ወረድኩ። አሸዋ የተዛቀበት ጉድጓድ፣ የከብት ኮቴ ያቆረው ውሃ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ጥርት ያለና ጥልቀት የሌለው ኩሬ፣ እነሱ እዚያ ናቸው። የአገራችን ዋና የወባ አስተላላፊ፣ አራቢየንሲስ የተባለችው አኖፌለስ፣ የምትወደው እንዲህ ያለውን ነው። አንድ ምክር ልስጣችሁ፦ ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ። ጥላ ሲያዩ ሽው ብለው ይሰምጣሉ፤ ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ቅረቡ፣ ከሰመጡ ደግሞ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። አንድ ከብት ጠባቂ የተቃጠለ ዘይት እንድደፋበት መከረኝ። ከብቶቹ የሚጠጡት ከዚያው ነው እኮ! የኮቴዎቹን ጉድጓድ አብረን በአፈር ደፈንናቸው።

ቀጥሎ ማሳደግ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን የገደልኳቸው በደግነት ነው። የዳቦ ፍርፋሪ አበዛሁባቸው፣ ውሃው ሸተተ፣ በሁለት ቀን አለቁ። አሁን የማንኪያ ጫፍ የማይሞላ እርሾ በየሁለት ቀኑ ይበቃል። ስለ ምግባቸው ሳነብ ያስደነቀኝ የበቆሎው ነገር ነው። ጎጃም ቡሬ አካባቢ የተደረገ ጥናት የበቆሎ እርሻ መስፋፋትን ከወባ ጋር አያይዞታል፤ የአበባው ብናኝ ኩሬ ላይ ሲወድቅ እጮቹ ይበሉታል፣ በልተውም ይፋፋሉ።

የምኮራበት ሙከራ ግን የሁለቱ ጠርሙስ ነው። ከአንድ ኩሬ የቀዳኋቸውን መካከለኛ እጮች ለሁለት ከፈልኩ፣ አፋቸውን በሻሽ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ፣ አንዱን ቤት አስቀምጬ ሌላውን ብርድ ወዳለበት ደሴ፣ አክስቴ ጋ ወሰድኩ። «ወባ ልታመጪብኝ ነው?» ብላ ተቆጣች። አብሽሪ አልኳት፤ ሰው ነክሳ የማታውቅ ትንኝ ወባ የላትም፣ ከእናቷም አትወርስም። ኮምቦልቻ የመጀመሪያዋ በ9ኛው ቀን ወጣች። ደሴ በ17ኛው፤ ያውም አብዛኞቹ ሞተው። ወጥተው የበረሩትን ሻሹ እንደታሰረ ፍሪጅ ውስጥ ከትቼ ገደልኳቸው።

ብርዱ የሚያዘገየው እጩን ብቻ አይደለም። ፋልሲፓረም የሚባለው ሌላው የወባ ተሕዋሲ ትንኟ ሆድ ውስጥ አድጎ ለመተላለፍ 25 ዲግሪ ላይ 12 ቀን ገደማ ይፈልጋል፣ 20 ዲግሪ ላይ ከ3 ሳምንት በላይ፣ ከ16 በታች ጭራሽ አያድግም። ስለዚህ ወባ የምታስይዘን አሮጊቷ ትንኝ ናት! ይህ ሲገባኝ አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ለምን እንደሚሠሩ ገባኝ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ደም ፍለጋ ትመጣለች፣ በመጣች ቁጥር ሞት ይጠብቃታል፤ ማርጀት አትችልም። እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ብዛት ስቆጥር ነበር። ዕድሜዋን በጭልፋ መለካት አይቻልም፣ ምን ላድርግ።

ግን በብርድ ብዙ አንመካ። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሳው ወረርሽኝ የመታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ነው፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 እንደሞተ ይገመታል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ መሀሉ ላይ።

አክስቴን ያስታረቀኝ የዶሮው ጥናት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ተመራማሪዎች ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2016 አወጡት፤ አራቢየንሲስ የዶሮ ሽታ ትሸሻለች፣ ሰው የተኛበት ክፍል ውስጥ ዶሮ በቀፎ ሲሰቀል ወጥመዱ የሚይዛት ትንኝ ቀነሰ። አክስቴ «ታዲያ ለፋሲካ የማርደውን ምን ላደርገው ነው?» አለች።

አሁን ፊቴን ያዞርኩት ስቴፈንሲ ወደምትባለው ሌላ የወባ ትንኝ ነው። ከእስያ የመጣች ናት፣ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች፣ ኋላ ባቲም። ባቲ ማለት ከእኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ! እሷ የከተማ ናት፤ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትፈለፈላለች፣ ስለዚህ በጋ ክረምት አትልም። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰን ሰዎች ይህ ቀልድ አይደለም። እስካሁን የጎረቤት 11 በርሜል ከፈትኩ፤ በሦስቱ ኩሌክስ፣ በሌላው ምንም። ያቃተኝ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነው፣ ጭልፋዬ አይደርስም፣ ባትሪ ሳበራ ደግሞ ይሰምጣሉ። ሞክሮ የተሳካለት ካለ እንዴት እንዳደረገ ይንገረኝ።