የኤረር ጭጋግ አንሶላ ላይ ቀረ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ፣ አንዲት ትንሽ የሥዕልና የማስታወቂያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አብዛኛው ሥራችን የሱቅ ታፔላ ነው። የመልክዓ ምድር ሥዕል ሲታዘዝ ለእኔ በዓል ነው።

አንድ ቀን ሐረር የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ሐጂ መጡ። 80 በ120 ሳንቲ ሜትር ሸራ ላይ ከፊት የጁገልን ግንብ በኤረር በር በኩል፣ ከኋላ ደግሞ ቁልቁል የኤረርን ሸለቆ በማለዳ ጭጋጉ እንድሥልላቸው ፈለጉ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ የግንቡ ፎቶ የሌለበት ማረፊያ የለም ማለት ይቻላል። ሐጂ ግን፣ «ፎቶውንማ እንግዳው ራሱ ያነሳዋል። እኔ የምፈልገው ልጅ ሆኜ ሱብሂ ሰግደን ስንወጣ አየው የነበረውን ነው» አሉኝ። ይህ ንግግራቸው ልቤ ውስጥ ገባ።

ያን ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከጅቡቲ ባለ 24 ቀለም ሶፍት ፓስቴል አምጥቶልኝ ነበር። ሲያዩት ቾክ ይመስላል። ግን ከሞላ ጎደል ንጹህ የቀለም ዱቄት ነው፤ ቅርጹን ይዞ እንዲቆይ ያህል ብቻ ጥቂት ማጣበቂያ አለው። ድምቀቱም ከዚያ ነው፣ መርገፉም ከዚያ። በጣት ሲያሹት አንዱ ቀለም ሌላው ውስጥ ይጠፋል። ለጭጋግ ከዚህ የተሻለ የለም ብዬ አመንኩ። አሁንም አምናለሁ።

ሸራው ክሩ ጎላ ጎላ ያለ ጥጥ ነው። ሻካራ ስለሆነ ፓስቴሉን ይይዝልኛል ብዬ አንድ እጅ ነጭ ቀለም ብቻ ቀብቼ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ቀን ነገሩ ተበላሸ። ቀለሙ ክሩ አናት ላይ ብቻ እየተቀመጠ በክሮቹ መሃል ያለው ጉድጓድ ነጭ ሆኖ ቀረ። ተራራው ጨው የተነሰነሰበት መሰለ። ጫን ስል ፓስቴሉ ይሰበራል። የተወጠረው ሸራ ደግሞ እንደ ከበሮ ስለሚነጥር አዲስ ቀለም ባሳረፍኩ ቁጥር የትናንቱ ይረግፋል። ወለሉ ሰማያዊና ሐምራዊ ሆነ። እንዲይዝልኝ ብዬ የፀጉር ስፕሬይ ነፋሁበት። በጣም ቀርቤ ስለነፋሁ ጠብታው ጎልቶ ወጣ፤ የሰማዩም ብርሃን ጠቆረ። ማለዳው አመሻሽ ሆነ።

የቤቱ ባለቤት ጋሼ ለቅሶ ሄደው ስለነበር የማማክረው ሰው አልነበረም። የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሥዕሉን በአንሶላ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ አስጫንኩ። የደንገጎን ጥምዝምዝ መንገድ የሚያውቅ ሰው ከዚያ በኋላ የሆነውን ይገምታል።

ሐጂ ግቢ ደርሼ አንሶላውን ስፈታ ግንቡ ደብዝዟል። ጭጋጉ የለም። ተራራው አንሶላው ላይ ነው፤ ሰማያዊ ጥላው ቁጭ ብሏል። ሐጂ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ ተራራውን መንገድ ላይ ጣልከው እንዴ?» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሻይ አስቀዱልኝ። አንድ ወር ጨመሩልኝ። ቀብዱንም አልጠየቁኝም።

ጋሼ ሲመለሱ ሥዕሉን ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ዱቄቱ ረገፈ። «ለምን መሰለህ የያዘልህ?» አሉኝ። ሻካራ ስለሆነ አልኳቸው። «ወንፊትም ሻካራ ነው አቦ! ዱቄት ይይዛል?»

ያቺን ንግግር አልረሳትም። ፓስቴልን የሚይዘው በዓይን የሚታየው የክር ጉብታ አይደለም። ጣት ብቻ የሚለየው፣ እንደ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለ ሽክረት ነው። ጋሼ የሰው ሥራ ላይ መሞከሬም ከልብ አሳዝኗቸዋል። ልክ ናቸው። አራት ቁራጭ ኮምፔንሳቶ አስቆርጠው፣ «እዚህ ላይ አበላሽ» ብለው ሰጡኝ።

እብነ በረድ ከሚቆርጡ ሰዎች ደቃቁን ዱቄት ለምኜ በነጠላ ቁራጭ ነፋሁት። ለአራት ማንኪያ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም አንድ ማንኪያ ዱቄት፣ ትንሽ ኮላ፣ ትንሽ ውሃ። አንዱን እጅ አግድም፣ ሌላውን ቁልቁል ቀባሁ። ሲደርቅ ጣቴን ሳሳልፍበት ያዝ አደረገኝ። ከአራቱ ሙከራ ያሸነፈው ሸራው ኮምፔንሳቶ ላይ ተለጥፎ ይህ የተቀባበት ነው። አይነጥርም፣ ሲመቱትም እምብዛም አይረግፍም። ቀለሙ ውስጥ ቀይ ቡናማ ስጨምርበት ደግሞ ጉድጓዱ ነጭ መሆኑ ቀርቶ አፈር መሰለ።

ዋናው ደስታዬ ግን ግንቡ ጋ ነው። ፓስቴሉን አጋድሜ ሳልጫን ሳስኬደው ቀለሙ የክሩን አናት ብቻ ነካና አለፈ። ያ ያስለቀሰኝ ጉድጓድ የድንጋይ መጋጠሚያ ሆነ! እያንዳንዱን ድንጋይ መሣል አላስፈለገኝም። ሸለቆው ጋ ስደርስ ደግሞ አስቀድሜ ሦስት እጅ ስለቀባሁት ክሩ ጠፍቷል፤ እዚያ በጣቴ አሸሁ። ቅርቡ ሻካራ፣ ሩቁ ለስላሳ። ፀሐይዋ ከሸለቆው ማዶ ስለምትወጣ ኮረብታዎቹን በሐምራዊ ጥላ ጀምሬ ብርሃኑን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩ። ቀለሙ እንዳይረግፍ የሚያጸናውን ስፕሬይ ከሩቅ፣ በስሱ፣ በቀለም ንብርብሮቹ መሃል ብቻ ነፋሁ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድጋር ደጋም ፓስቴሉን በንብርብር እያጸና ይሠራ እንደነበር ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። የመጨረሻውን ብርሃን ግን አልነካሁትም።

መስታወት አስገባሁለት። ሥዕሉን እንዳይነካው ዙሪያውን ቀጭን እንጨት አስደገፍኩ። ሚኒባስ ውስጥ የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍዬ ጭኔ ላይ አጋድሜ ያዝኩት።

ሐጂ ቀረብ ብለው አዩት። «መጣ» አሉ። ከዚያ ቤተሰቡን ሁሉ ጠሩ።

አሁንም ሐረር በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ። ባለፈው ከመስታወቱ ሥር፣ እንጨቱ ጠርዝ ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሐምራዊ መስመር አገኘሁ። ትንሽ ረግፏል ማለት ነው። አሁን በጀመርኩት የሐረማያ ሐይቅ ሥዕል ላይ እንጨቱን ከታች በኩል ክፍት ትቼለታለሁ፤ የሚረግፈው ሳይታይ እንዲወርድ። ጋሼ፣ «መጀመሪያ ቁራጩ ላይ ሞክረኸዋል?» አሉኝ። ሞክሬዋለሁ፤ በሩ ጎን ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።