የአባባ ላምና የዓሣ መርከቧ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ትየባ፣ ፎቶ ኮፒ፣ አልፎ አልፎም ትርጉም። አንድ ጠዋት አንዲት የሕግ መምህርት አራት ገጽ እንግሊዝኛ ይዛ መጣች። «ለተማሪዎቼ በአማርኛ አድርግልኝና 40 ኮፒ አውጣልኝ።» አብሽሪ አልኳት። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ግን መዝገበ ቃላት አለኝ።

ነገሩ ሞንቴ ኮንፉርኮ ስለምትባል፣ የሲሼልስን ባንዲራ ስለምታውለበልብ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ነው። በኖቬምበር 2000 ፈረንሳይ በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ባሏት የከርጌለን ደሴቶች አካባቢ ያዘቻት። ለመልቀቅ 56.4 ሚሊዮን ፍራንክ ተጠየቀ። ሲሼልስ ሃምቡርግ ወዳለው የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት ሄደች፤ እሱም ወደ 18 ሚሊዮን አወረደው። እኔ ታዲያ «ቦንድ» የሚለውን ሁሉ «ቅጣት» ብዬ ቁጭ! 40ውንም አተምኩት።

ከሰዓት መምህርቷ ተመለሰች። «ዋስ የጠራ ሰው ተቀጣ ይባላል እንዴ?»

ዝም አልኩ። ቀጠለች። በ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 73 መሠረት፣ በዓሣ ማጥመድ ጥፋት የተያዘች መርከብ ተመጣጣኝ ዋስትና ሲቀርብላት ከነሠራተኞቿ ቶሎ ትለቀቃለች። ይህ ካልተደረገና በየትኛው ፍርድ ቤት ይታይ በሚለው በ10 ቀን ካልተስማሙ፣ በአንቀጽ 292 የባንዲራዋ አገር ሃምቡርግ መሄድ ይችላል። እዚያ የሚታየው መለቀቋ ብቻ ነው። ጥፋተኛ ናት አይደለችም የሚለውን የያዘቻት አገር ፍርድ ቤት ይጨርሰዋል።

ከዚያ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። ከ18ቱ ሚሊዮን ግማሹ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። ፈረንሳይ የያዘችው 158 ቶን ዓሣ በ9 ሚሊዮን ተገምቶ እንደ ዋስትና ተቆጥሯል። እኔ «ዓሣው ተቀጣ» ብዬ ጽፌዋለሁ።

በር ላይ የተቀመጡት የኩታበሩ ዘበኛችን አባባ ሲሰሙን ቆይተው ኖሯል። «ላም ሰው እህል ገብታ ብትያዝ ባለቤቱ ዋስ ጠርቶ ያስፈታታል» አሉ። «ካሣውን ሽማግሌ በኋላ ያየዋል። እንዲያው ታስራ ትክረም? ጥጃዋን ማን ያጠባል?»

መምህርቷ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። እኔ ደግሞ ሌላ 40 ኮፒ በራሴ ወጪ አወጣሁ፤ ወረቀቱም ከደሞዜ ተቆረጠ። አባባ ግን እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ ከሰላምታ በፊት፣ «ያቺ መርከብ ዋስ አገኘች?» ይሉኛል።